ቆዳው የተተመነበት ግድብ ሠሪ

ጋሪ ጋይጋክስ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት «ሞንስተር ማኑዋል» ውስጥ፣ ከዘንዶውና ከጋኔኑ መካከል አንድ የረግረግ ነዋሪ ይገኛል፤ ከአይጥ ወገን የሆነው ግዙፉ ቢቨር። መጽሐፉ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው በምናብ ለሚጫወቱት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተዘጋጀ የፍጡራን መዝገብ ነው።

ፍጡሩ ጠበኛ አይደለም። አስተዋይ ነው፤ ይገበያያል፤ ለጋ የዛፍ ቅርፊት ወይም ሳንቲም ከተከፈለው ግድብ ይሠራል። እዚያው ላይ ግን ቆዳው በወርቅ ተተምኗል፤ ግልገሎቹም ተይዘው እንደሚሸጡ ተጽፏል። ተጫዋቹ እንግዲህ ሊቀጥረውም ሊገፈውም ይችላል። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን አልቆየም።

እውነተኛው ግዙፍ ቢቨር፣ ካስቶሮይድስ፣ በሰሜን አሜሪካ ይኖር የነበረና ወደ 100 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ ነው፤ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ የአጥንቱ ኬሚካላዊ ምርመራ ምግቡ የውኃ ዕፅ እንጂ እንጨት እንዳልነበረ አሳይቷል። ግድብ ስለመሥራቱም ማስረጃ የለም። ረግረጉ ሲደርቅ የሚሄድበት ያጣ ይመስላል። ትንሹ ዘመዱ ግን ወንዝ ገድቦ ረግረጉን ራሱ ስለሚፈጥር እስከ ዛሬ አለ።

ጋይጋክስ ለግዙፉ የትንሹን ሙያ ሰጡት፤ የቆዳውን ዋጋ ጭምር። ያ ዋጋ ደግሞ ከምናብ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1670 በንጉሣዊ ቻርተር የተቋቋመው የሃድሰን ቤይ ኩባንያ ለአውሮፓ ባርኔጣ ሠሪዎች ቆዳ ሲሰበስብ፣ የጠመንጃውም የብርድ ልብሱም ዋጋ የሚነገረው በቢቨር ቆዳ ቁጥር ነበር። በእኛ አገር አሞሌ ጨው እንዲሁ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል፤ አሞሌ ግን ግልገል አልነበረውም።