ወረራ፤ ሰንጠረዥ፣ ካርታና የደብረ ታቦር ራሶች

ሰንጠረዥ የተባለውን የአባቶቻችንን ጨዋታ ከፈረንጁ ቼዝ የሚለየው ዋናው ነገር አጀማመሩ ነው። በቼዝ ነጩ አንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ጥቁሩ ተራውን ጠብቆ ይመልሳል። በሰንጠረዥ ግን መጀመሪያ ላይ ተራ ብሎ ነገር የለም። ሁለቱም ባላንጣዎች በየፊናቸው፣ እጃቸው በፈቀደላቸው ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ ሦስት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው አንዴ ብቻ ቢያንቀሳቅስ ከሳሽም ዳኛም የለም። ይህ ትርምስ የሚያበቃው ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲገድል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራ ይሆናል። የዚህ የመክፈቻ ክፍል ስሙ ወረራ ይባላል። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ምን ዓይነት ዘመን ይኖሩ እንደነበር ከቃሉ መገመት አይከብድም።

ሰሌዳው ብዙውን ጊዜ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ነበር፤ ስምንት በስምንት፤ ነጭና ጥቁር ዳማ የለውም። ንጉሥ አለ፤ ከጎኑ ፈርዝ አለ። ፈርዝ እንደ ፈረንጆቹ ንግሥት ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር የምታምስ አይደለችም፤ አንድ ቤት ብቻ በሰያፍ የምትራመድ ትሑት ናት። ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረሰኛ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይከተላሉ። ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመው ግን የአገዳደሉ ሥርዓት ነው። ጠንካራ በሆነው በደር ወይም በፈረሰኛ ንጉሥ ገድሎ መነሣት እንደ ድል አይቆጠርም ነበር ማለት ይቻላል። የሚመሰገነው በፊል፣ በፈርዝ፣ ይልቁንም በመደቅ የገደለ ነው። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም። ከንጉሡ ጋር አንድ ጠጠር ብቻ የቀረችው ተጫዋች ደግሞ ያች ጠጠር ሰባት ጊዜ እስክትንቀሳቀስ ድረስ ካልተገደለ ነፍሱ ዳነች ማለት ነው። ስለዚህ አሸናፊው ባላንጣውን ጨርሶ እንዳያራቁት መጠንቀቅ ነበረበት፤ ካራቆተው ድሉን ራሱ ያጣል።

ይህ ጨዋታ በአገራችን ቤተ መንግሥት የቆየ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ሰንጠረዥም ካርታም ይጫወቱ እንደነበር በጊዜው የተጻፈ የጣሊያን ማስታወሻ ይገልጻል። ካርታ የጠላት ወረራ ዘመን ያመጣብን ነው ለሚሉ ሰዎች ይህን ማስታወስ ጥሩ ነው። በደብረ ታቦርና በበጌምድር ደጋ ስለነበረው ዘመን የተሻለ ምስክር የምናገኘው ግን ከእንግሊዙ ቆንስል ከዋልተር ፕላውደን ነው። ፕላውደን በመሳፍንቱ ዘመን መጨረሻ ከራስ አሊ ዙሪያ ሳይርቅ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ የሰንጠረዥንም ሕግ ዘርዝሮ ጽፎልናል። እሱ በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አጠገብ በሽፍቶች እጅ ወድቆ ሞተ። መጽሐፉ የታተመው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱበት ዓመት ነው።

ከፕላውደን በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1805፣ ሄንሪ ሶልት የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ በእንደርታው ገዢ በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ጨዋታውን ተመልክቶ ነበር። የታዘበው ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ በድፍኑ የተሠሩ ትላልቆች ናቸው። ጠጠር የሚገድል ሰው የባላንጣውን ጠጠር በኃይል መትቶ ያሽቀነጥራል። ተመልካቹ ዝም ብሎ አያይም፤ ባሪያው ሳይቀር እጁን ሰዶ ጠጠር እያነሣ ‹‹እንዲህ አርግ›› እያለ ይመክራል። ታዲያ ይህ ሁሉ ጫጫታ ባለበት በእያንዳንዱ ጨዋታ የሚያሸንፉት ራስ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ሶልት እንደሚለው ሰዎቹ በብልሃት፣ ሳያስታውቁ፣ ይሸነፉላቸው ነበር።

እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያሸንፍ የኖረ ሰው ጨዋታውን ያውቃል ወይስ አያውቅም? ጌታው ራሱስ ይህን በምን ሊለይ ይችላል?

ዛሬ በኢንተርኔት ፖከር የሚጫወቱ ሰዎች ቀን ከሌት የሚጨነቁት በዚሁ ጥያቄ ነው፤ እነሱን የሚያታልላቸው ሎሌ ሳይሆን ዕድል ቢሆንም። ሰንጠረዥ ላይ ሁሉ ነገር በግላጭ ነው። ፖከር ላይ ግን የባላንጣ ካርታ ተደፍቶ ነው የሚቀመጠው፤ ቀጥሎ የሚመዘዘውንም ማንም አያውቅም። ሁለት አስ ይዞ የጀመረ ሰው ሁለት ንጉሥ የያዘ ባላንጣ ቢገጥመው ከአምስት ጊዜ አራቱን ያህል ያሸንፋል። አምስተኛውን ይሸነፋል። ምንም አላጠፋም፤ እንደገና ቢጀምር እንዲያው አድርጎ መጫወት አለበት፤ ገንዘቡ ግን ሄዷል። በተቃራኒው እንደ ሞኝ የተጫወተው ሰው ገንዘቡን ሰብስቦ ‹‹ጎበዝ ነኝ›› እያለ ይነሣል። ጆን ፎን ኖይማን የተባለው የሒሳብ ሊቅ ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ ሽወዳ እንኳ በሒሳብ እንደሚሰላ አሳይቷል፤ ደካማ ካርታ ይዞ አልፎ አልፎ ጠንካራ የማይመስል ሰው ጠንካራ የያዘ ዕለት የሚከተለው አያገኝም። የጨዋታው አዋቂዎች ግን ከሽወዳ ይልቅ ስለ ሁለት ነገሮች ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። አንደኛው ካለ ገንዘብ ጥቂቱን ብቻ ይዞ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው እልህ ነው። ፈረንጆቹ ለዚህ ሁለተኛው የተለየ ስም አውጥተውለታል፤ እኛ ግን ቃሉ ቀድሞም ነበረን።

እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት ውድድር በ86 ዶላር ገብቶ፣ በዚያው ተሻግሮ በላስ ቬጋስ 2.5 ሚሊዮን ዶላር በላ። ስሙ ‹‹ገንዘብ ሠሪ›› ማለት መሆኑ ወሬውን አጣፈጠው። ከዚያ ወዲያ በየአገሩ ስንቱ የቤት ኪራዩን ይዞ እንደተከተለው የሚተርክ የለም።

ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ። ከተማይቱን ከጉና ግርጌ የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ ናቸው፤ የየጁዎቹ መሳፍንት መናገሻ ሆና የጎንደርን ነገሥታት ለስም ያህል እያስቀመጠች አገር የገዛችው እሷ ናት። በ1834 ዓ.ም. የሰሜንና የትግሬው ገዢ ደጃዝማች ውቤ የጎጃሙን ብሩ ጎሹን በጎናቸው አሰልፈው፣ ከግብጽ አዲስ የመጡትን አቡነ ሰላማን ይዘው፣ ዳግማዊ ራስ አሊን ሊጥሉ ወደዚች ከተማ ዘመቱ። ዝግጅታቸው እንከን አይወጣለትም። ነፍጥ ነበራቸው፤ ጳጳስ ነበራቸው፤ አጋር ነበራቸው። ጦርነቱም እንዳሰቡት ሆነ። የአሊ ሠራዊት ተፈታ፤ አሊ ራሳቸው ከጦር ሜዳው ሸሹ። ውቤ ድንኳናቸውን ተክለው ድላቸውን ማክበር ያዙ። በዚያው ፌሽታ መካከል የአሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ሰፈሩን ወረረና ውቤን ማረካቸው። ሸሽተው የነበሩት አሊ ተመልሰው አሸናፊ ሆኑ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሁሉ በውቤ ይፈርዳሉ፤ ጠላት ሳይጠፋ ጠጅ ተቀዳ ብለው። እውነት ነው፤ ጨዋታ ሳያልቅ ከገበታ የተነሣ ሰው ነበሩ። እኔ ግን ይበልጥ የተጎዱት አሊ ይመስሉኛል። በመጥፎ ተጫውተው አሸነፉ። ጦራቸው ነፍጥ ፊት እንደማይቆም በዚያ ቀን ታይቶ ነበር፤ ግን ማታ ድሉ የእሳቸው ስለሆነ ያንን የሚያስተውል አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሲገዙ ያን ጦር አልለወጡትም። አሊን ሰነፍ ነበሩ ማለቴ አይደለም። በ1842 ዓ.ም. ፕላውደን የንግድ ውል ይዞላቸው ሲመጣ፣ ውሉ ክፋት የለውም ግን ጥቅምም የለውም፣ በአሥር ዓመት አንድ የእንግሊዝ ነጋዴ እንኳ ወዲህ ይመጣል ብዬ አላስብም አሉት። ግምታቸው ከቆንስሉ የተሻለ ነበር።

የካሣ ኃይሉ ታሪክ የዚህ ግልባጭ ነው። በ1840 ዓ.ም. ካሣ ደባርቂ ላይ የግብጽን ጦር ምሽጉ ድረስ ሄዶ ገጠመ፤ መድፍና በሥርዓት የሰለጠነ ወታደር ሠራዊቱን አጨደው። ከዚያ ሽንፈት ሥርዓት ያለው ጦርና የመድፍ ፍላጎት ይዞ እንደተመለሰ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ከኅዳር 1845 ዓ.ም. ጀምሮ በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ ቀጥሎ በጣቁሳ የአሊንና የውቤን ጥምር ጦር፣ በሰኔ በአይሻል አሊን ራሳቸውን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ውቤን ድል ነሣ። በሁለት ዓመት ከሦስት ወር አራት ጊዜ። ከደባርቂ ባይሸነፍ ኖሮ ይህ ይሆን ነበር ብዬ አላምንም።

ግን ይኸው ሰው በመጨረሻ ምን አደረገ? በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሚሲዮናውያኑን ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ አስቀለጠ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ፣ ያንን ብረት በሰው ትከሻና ገመድ እያስጎተተ፣ ተራራ እየቆረጠ መንገድ እያበጀ ወደ መቅደላ ሄደ። ጉዞው እስከ መጋቢት ፈጀ። ፖከር ተጫዋቾች ያለውን ሁሉ ወደ መሐል የገፋ ሰው የሚሉት ይህንን ነው፤ እልህም ብንለው ያስኬዳል። መድፉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል።

ሰንጠረዥ ከቴዎድሮስ በኋላም አልጠፋም። ከበጌምድርና ከሰሜን መኳንንት የሚወለዱት እቴጌ ጣይቱ በገና መደርደርና ቅኔ እንደሚያውቁ ሁሉ ሰንጠረዥም ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ ወሌ ደግሞ መናገሻቸውን ደብረ ታቦር አድርገው በጌምድርን ገዙ። የቤተ ክህነት ትምህርት ወዳጅ፣ የተከበሩ ሰው ነበሩ። በንጉሥ ተፈሪ ላይ ሲነሡ የቆጠሩት የተለመደውን ነው፤ የሰው ብዛት፣ የፈረስ ብዛት፣ የመኳንንቱን ቃል። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ከሰማይ አውሮፕላን መጣ፤ መጀመሪያ ጳጳሱ ያወገዙበትን ወረቀት፣ በኋላም ቦምብ ጣለ። በአገራችን ጦርነት አውሮፕላን ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት ሞቱ። የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ። በግላጭ ሰሌዳ ላይ ሲጫወት ያደገ ሰው ተደፍቶ የተቀመጠ ካርታ እንዳለ የሚያውቀው ሲገለበጥ ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ ጣሊያን ገባ፤ ሰንጠረዥም ከዚያ ወዲህ እየተረሳ መጣ። መኳንንቱ ሞቱ፣ ተሰደዱ፤ የተረፉት ሲመለሱ የፈረንጁ ቼዝና ካርታ ቦታውን ይዘው ነበር። ማርሴል ኮሄንና ማርሴል ግሪዮል የተባሉ ፈረንሳውያን ቀደም ብለው የአገሩን ጨዋታዎች መዝግበው ባያቆዩልን፣ ሪቻርድ ፓንክረስትም ቆይተው የተበታተነውን ባይሰበስቡ፣ ዛሬ ስለ ፊልና ስለ መደቅ የምንናገረው አይኖረንም ነበር። በደጋው ገበጣ አሁንም ጉድጓድ ተቆፍሮለት በጠጠር ይጫወቱታል። በየከተማው ኮንከር የሚያውቅ ሞልቷል። ወጣቱ ደግሞ የእንግሊዝን ኳስ ውጤት ይወራረዳል፤ ስልኩም ካርታውን ያድለዋል። እዚያ ገበታ ላይ ባላንጣውን አያየውም፤ እጁን ሰዶ ‹‹እንዲህ አርግ›› የሚለውም በአጠገቡ የለም። በደር ገድለህ ነው በመደቅ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ብቻውን የቀረውን ንጉሥ ተወው የሚልም ሕግ የለም። የመጨረሻዋ ሳንቲም እስክታልቅ መጫወት ይቻላል።