ሪስቶሬሽን፦ የአሮጌ መኪናን ውስጥ ወደ ጥንተ መልኩ መመለስ

ሐዋሳ ውስጥ አሮጌ ቮልሱን ወደ ወንበር አልባሽ ወስዶ «ውስጡን ሥራልኝ» የሚል ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱን ሊፈልግ ይችላል። የተቀደደው እንዲሰፋለት ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ጥገና ነው። ያማረና ምቹ እንዲሆንለት ከፈለገ ደግሞ እድሳት ይባላል። መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን የነበረው ውስጥ እንዲመለስለት የሚፈልግ ከሆነ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ በውጭው ዓለም «ሪስቶሬሽን» ይሉታል። በእኛ ጋራዦች «ኦርጅናል ማድረግ» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ «ወደ ጥንተ መልክ መመለስ» እለዋለሁ። «ጥንተ ተፈጥሮ» ስንል አንድ ነገር በመነሻው የነበረበትን ሁኔታ ማለታችን ስለሆነ ቃሉ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም።

በዚህ ሥራ ውበት መለኪያ አይደለም። መለኪያው የፋብሪካው ዝርዝር ነው፦ የጨርቁ ዓይነትና ቀለም፣ የስፌቱ መስመር ስፋት፣ ከሥር የተሞላው ነገር፣ የምንጣፉ ጎማ ወይም ክር መሆን፣ የመስኮት ማዞሪያው እጀታ ሳይቀር። ቮልስን ብንወስድ እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት የነዳጅ መለኪያ አልነበራቸውም። ነዳጁ ሲያልቅ አሽከርካሪው በእግሩ አንዲት ቧንቧ አዙሮ ወደ መጠባበቂያው ይሻገር ነበር። በ1958 እ.ኤ.አ. በተሠራ መኪና ላይ ቆንጆ የነዳጅ መለኪያ የገጠመ ሰው መኪናውን አሻሽሎት ይሆናል፤ ከጥንተ መልኩ ግን አርቆታል።

ቮልስን በምሳሌነት የመረጥሁት ሀገራችን ውስጥ ከቀሩት አሮጌ መኪኖች በብዛት ከምናያቸው አንዱ ስለሆነ ነው። በዓለም ዙሪያ 21,529,464 ያህል ተሠርቶ የመጨረሻው በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጥቷል።

ወንበሩን እንፍታው። ከሽፋኑ ሥር የሚገኘው ስፖንጅ አይደለም። ከታች የብረት ሞላዎች አሉ፤ በላያቸው ከፈረስ ጸጉርና ከኮኮናት ቃጫ የተጨመቀ ወፍራም ንጣፍ ያርፋል። ሽፋኑ ተወጥሮ በፍሬሙ ጠርዝ ላይ ባሉ የብረት ጥርሶች ይያዛል። ቃጫው በዘመን ብዛት ይደርቅና እየተፈረፈረ እንደ ገለባ ይበናል። አልባሹ ቃጫውን ጥሎ ስፖንጅ ሲሞላ ደንበኛው ደስ ይለዋል፤ መጀመሪያ ላይ ይለሰልሳላ። ስፖንጁ ግን ሰው ሲቀመጥበት ከሞላዎቹ መሀል ይሰምጣል፣ ቅርጹም ይጠፋል።

ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ነገሩ ከቅርጽ ያልፋል። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በስተቀኝ ነው። ፋብሪካው ለባትሪው መክደኛ ሠርቶለት ነበር። መክደኛው ጠፍቶ ሞላዎቹ ከላሉ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥ ብረቱ ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ያገናኛል። ብልጭታው የሚያገኘው ደረቅ ቃጫና ጸጉር ነው፤ በዚህ መንገድ የተቃጠሉ ቮልሶች በብዙ ሀገር አሉ። ስለዚህ ወደ ጥንተ መልክ መመለስ ሲባል ዓይን የማያየውን መክደኛም ይጨምራል። እኔ ብሆን ከሽፋኑ ቀለም በፊት የምጠይቀው እሱን ነው።

የጣሪያው ልብስ ትዕግሥት ይፈትናል። በቀጫጭን የብረት ዘንጎች ላይ የሚወጠር ሲሆን እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጨርቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳ ፕላስቲክ ሆነ። የዘንጎቹ ርዝመት ስለሚለያይ ሲወጡ ተራ ቁጥር ካልተጻፈባቸው መልሶ መግጠሙ ጭንቅ ነው። ጠርዙ ከመስታወቱ ጎማ ሥር ስለሚገባም የፊቱና የኋላው መስታወት መውጣት አለባቸው። ይህን ለመሸሽ በአሮጌው ላይ አዲስ ጨርቅ በማስቲሽ የሚለጥፉ ብዙዎች ናቸው። ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ ደግሞ ማስቲሹ ይለቃል፤ ጨርቁም ሆድ አውጥቶ የሹፌሩ ራስ ላይ ይንጠለጠላል። በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ይህን ለማየት ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም። በክረምት ደግሞ ከመስኮቱ ጎማ የሚሰርገው ዝናብ የበሩን የውስጥ ሰሌዳ ከጀርባው ያረጥበዋል። ሰሌዳው የተጨመቀ እንጨት ስለሆነ ይነፋና ይጣመማል፤ ስለዚህ በላሜራውና በሰሌዳው መካከል የነበረው ውኃ መከላከያ ተመልሶ ካልገባ አዲሱም ሰሌዳ ዕድሜ አይኖረውም።

የቀድሞው ቀለም ምን እንደነበረ የሚናገረው ራሱ መኪናው ነው። ፀሐይ ያልደረሰበት ቦታ መፈለግ ነው፦ ሽፋኑ ወደ ፍሬሙ የታጠፈበት ጠርዝ፣ ከወንበሩ ሐዲድ ሥር የቀረ የምንጣፍ ቁራጭ፣ ከጌጥ ብረቱ ጀርባ ያለው ጠባብ መስመር። ብዙ ባለቤቶቻችን ዳሽቦርዱን በጸጉራም ጨርቅ ይሸፍናሉ። ጨርቁ ሲነሳ ከሥሩ ያልደበዘዘ የፋብሪካ ቀለም ሊገኝ ይችላል። እንግዲህ ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት ፎቶ ይነሳል፤ አሮጌው ልብስም ለአዲሱ መቁረጫ ልክ ስለሚሆን አይጣልም።

ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊቫ፣ የተመሠረተው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። በኋላ ያወጣው የቶሪኖ ቻርተር መጀመሪያ የተረፈውን መጠበቅን ያስቀድማል፤ ወደ ቀድሞው መመለስ የሚመጣው የጎደለው ላይ ነው። በዚህ እስማማለሁ። ያረጀ ነገር ግን ያልተቀደደ የፋብሪካ ወንበር ያለው ሰው፣ አዲስ ቅጂ ካሠራው የበለጠ ሀብት አለው። በፊቫ ትርጉም ግን ጥንታዊ ተሽከርካሪ 30 ዓመት የሞላው፣ የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ያልሆነ ነው። የእኛ ቮልሶች ብዙዎቹ ዛሬም ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ ገበያ ይመላለሳሉ። ስለዚህ ለእኛ «ወደ ጥንተ መልክ መመለስ» የሚለው ትርጉሙ ትንሽ መስፋት አለበት፦ የደኅንነት ቀበቶ ይጨመር፣ ሲፈለግ ተፈትቶ አሻራ ሳይተው እንዲወጣ ሆኖ ይታሰር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ ያሉት አሮጌዎች ተተኪ እንደሌላቸው አስበን ብንይዛቸው ይሻላል።

ጥንተ መልኩን መጠበቅ ታሪክን ለመረዳትም ይጠቅማል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ሲወርዱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ቮልስ በሩ ሁለት ብቻ ስለሆነ ከኋላ ለመቀመጥ የፊቱ ወንበር ወደፊት መታጠፍ፣ ሰውየውም አንገቱን ደፍቶ በጠባቡ ክፍተት መሹለክ አለበት። ያን ቀን ያላየ ወጣት ይህን በገዛ ጉልበቱ የሚረዳው የዘመኑ ወንበር በቦታው ያለበት መኪና ውስጥ ሲገባ ነው። በምቾት ስም የሌላ መኪና ወንበር ከተገጠመበት ያ መረዳት አብሮ ይሄዳል።

ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ ሰው የኋላ መቀመጫውን ያንሳ፤ በመኪናው ወገብ ላይ በሚያልፈው የብረት አካል ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቶ ያገኘዋል። ጀርመን፣ ቮልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም በዚህ ቁጥር ከፋብሪካው መዝገብ ፈልጎ መኪናው የተሠራበትን ቀን፣ የውጭ ቀለሙንና የውስጥ ልብሱን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በክፍያ ይሰጣል።