የሦስት ቀን ቀጠሮ

በየሰፈራችን አንድ ቡቺ አይጠፋም። ጌታው ማን እንደሆነ ቢጠየቅ ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማል። ጠዋት ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ፣ ቀን ከልኳንዳው ፊት ለፊት፣ ማታ ደግሞ ከዘበኛው እሳት አጠገብ ይገኛል። ልጆች ጆሮውን ይጎትቱታል፤ እሱ ጭራውን ይቆላል። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ቡቺ የለም። «መርዝ በልቶ ሞተ» ይባላል። ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ ትልልቆቹ «ምን ይደረግ፣ ባለቤት የለውም» ብለው ያልፋሉ።

የዛሬው ጨዋታችን የሚነሳው ከዚህች «ባለቤት የለውም» ከምትለው ቃል ነው። ባለቤት የሌለውን ውሻ ምን እናድርገው ለሚለው ጥያቄ ከተሞች ለብዙ ዘመን የሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ መግደል። ሌላም መልስ አለ ብለው የተነሱት ሰዎች የመጡት ዘግይተው ነው። ታሪካቸውን ለተከታተለ ሰው ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። የውሻውን ዕጣ የሚወስነው የጠባዩ መልካምነት ብቻ አይደለም፤ አዲስ ጌታ እስኪያገኝ ድረስ የተሰጠው የቀን ብዛት ጭምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአንድ ማድ ቤት የተጀመረ ነገር

ዘመኑ 1860፣ ቦታው ለንደን ነው። ሜሪ ቲልቢ የምትባል ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የተጠጋ ሴት ወዳጇን ሣራ ሜጀርን ልትጠይቅ ትሄዳለች። እዚያም ማድ ቤት ውስጥ አጥንቱ የገጠጠ፣ በረሃብ ሊሞት ያለ ውሻ ታገኛለች። ሁለቱ ሴቶች ሊያድኑት ደከሙ፤ ውሻው ግን ሞተ። ሜሪ ቲልቢ ከባሏ ተለይታ የምትኖር፣ ይህ ነው የሚባል ሀብት ያልነበራት ሴት ነበረች። ቢሆንም ነገሩን በዚያ አልተወችውም። በዚያው ዓመት ሆሎዌይ በሚባለው ሰፈር ጋጣ ተከራይታ «የጠፉና የተራቡ ውሾች ጊዜያዊ ማረፊያ» ብላ ከፈተች።

ስሙን ልብ ይሏል። «የጠፉ» ነው ያለችው፤ «ባለቤት የሌላቸው» አላለችም። የጠፋ ነገር ፈላጊ ይኖረዋል፤ ፈላጊው ቢቀር እንኳ የሚያገኘው ሰው ይኖራል። «ጊዜያዊ» የሚለውም ቃል ያለ ነገር አልገባም። ቤቱ የውሾች መጦሪያ ሳይሆን ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ደጃፍ መሸጋገሪያ እንዲሆን ታስቦ ነበር።

ሰው እየተራበ?

የለንደን ሰው ሳቀባት። ታላቁ «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ ሳይቀር ተሳለቀባት። ሙግቱ ለእኛም ጆሮ እንግዳ አይደለም። በዚህ ከተማ ስንት ቤት አልባ ሕፃን በየድልድዩ ሥር እያደረ ለውሻ ቤት ይሠራል ወይ የሚል ነበር። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀልድ የሚታለፍም አይደለም። ነገር ግን ጋጣው ቢዘጋ ኖሮ ከድልድዩ ሥር ወጥቶ ቤት የሚገባ አንድም ሕፃን አልነበረም። ውሻ የሚያበላ እጅ ለሰው አይዘረጋም ያለውስ ማን ነው? እንግሊዝ ውስጥ እንስሳትን ከጭካኔ ለመጠበቅ በ1824 የተቋቋመው ማኅበር ካሰባሰባቸው ሰዎች መካከል የባሪያ ንግድን በመቃወም የታወቀው ዊልያም ዊልበርፎርስ ይገኝበታል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቻርልስ ዲክንስ ያዘጋጀው በነበረው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ። ጽሑፉ ሁለት የውሻ ትርዒቶችን ያወዳድራል። አንደኛው ዘራቸው የተቆጠረላቸው ውሾች ለሽልማት የሚቀርቡበት የኢዝሊንግተን ትርዒት ነው። ሁለተኛው እዚያው አቅራቢያ ያለው የሜሪ ቲልቢ ጋጣ ነው፤ እዚያ ውሾቹ የሚወዳደሩት ለሽልማት ሳይሆን ለአንድ ጌታ ነው። ከዚያ ወዲህ የሳቂው ቁጥር ቀነሰ፤ የሰጪው እጅ ጨመረ። ሜሪ ቲልቢ ግን ብዙ ሳታይ በ1865 አረፈች። ቤቱ በ1871 ወደ ባተርሲ ተዛወረ፤ ዛሬም ያለው እዚያው ነው።

ሦስት ቀን፣ ሰባት ቀን

በ1867 የወጣው የለንደን ጎዳናዎች ሕግ ፖሊስ በጎዳና የሚዞር ውሻ እንዲይዝ ፈቀደ። የተያዘው ውሻ ሦስት ቀን ይጠበቃል። ጌታው ካልመጣ መሸጥ ወይም መግደል ይቻላል። ማረፊያ ቤቱም ቀስ በቀስ ፖሊስ የያዛቸውን ውሾች ተቀባይ ሆነ። ያን ጊዜ የቤቱ ጠባይ ተለወጠ። በሩ ጠባብ፣ ገቢው ብዙ ሆነ። በ1884 ውሾች ሳይሠቃዩ የሚሞቱበት በጋዝ የሚሠራ ክፍል እዚያው ባተርሲ ውስጥ ተሠራ። የሠራውም ቤንጃሚን ዋርድ ሪቻርድሰን የተባለ ሐኪም ነው። በማግሥቱ ዓመት በ1885 ንግሥት ቪክቶሪያ የቤቱ የበላይ ጠባቂ ሆነች። የንግሥቲቱ ስምና የመግደያው ክፍል በአንድ ግቢ ውስጥ ሆኑ። በዚያ ዘመን ከገቡት ውሾች ብዙዎቹ በሕይወት አልወጡም። ሦስት ቀን ለአንድ ውሻ ምንድን ነው? ከድንጋጤው ሳይወጣ ያልፋል።

ለዚህ ጥድፊያ አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነበር፤ የእብድ ውሻ በሽታ ፍርሃት። ሉዊ ፓስተር በፓሪስ የመጀመሪያውን ሕፃን በክትባት ያዳነው በዚያው በ1885 ነው። የአዲስ አበባ ሰው የዚህን ሳይንቲስት ስም የሚያውቀው ከጉለሌው ግቢ ነው። ውሻ የነከሰው ልጅ እናቱ እጁን ይዛ «ፓስተር» ትወስደውና በሆዱ ላይ ተከታታይ መርፌ ይወጋ እንደነበር የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ውሻን የፈራ ሁሉ ጨካኝ አይደለም። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

በአሜሪካም ነገሩ ከዚህ አልተሻለም። ኒው ዮርክ በ1877 ክረምት በአንድ ቀን ብቻ ከ700 በላይ ውሾችን በብረት ቀፎ አድርጋ ኢስት ሪቨር በተባለው ወንዝ ውስጥ አስጥማለች። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ፊላደልፊያ ውስጥ ካሮላይን ኧርል ዋይት የተለየ መንገድ ጀምራ ነበር። እንዲቋቋም የደከመችበት የእንስሳት ማኅበር ሴትን በቦርዱ ስላላስቀመጠ በ1869 የሴቶቹን ክፍል ለብቻ መሠረተች። በአሜሪካ ለእንስሳት የመጀመሪያው መጠለያ የተከፈተው በእነዚህ ሴቶች ነው።

በእንግሊዝ በ1906 የወጣው የውሾች ሕግ ቀጠሮውን ከሦስት ወደ ሰባት ቀን አራዘመው። በጎዳና የተያዘ ውሻ ለሕክምና ምርምር በሕይወቱ እንዳይቀደድ፣ ለዚያም እንዳይሸጥና እንዳይሰጥ ከለከለ። አራት ቀን መጨመሩ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ከሥራ መልስ ውሻውን ፈልጎ ለሚዞር ሰው፣ ወይም በሰንበት መጥቶ አንዱን ሊመርጥ ላሰበ ቤተሰብ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ቦምቡ ሳይወድቅ

ባለቤት ያለው ውሻስ ዋስትና አለው? የመስከረም 1939 ታሪክ የለም ይለናል። እንግሊዝ ጦርነት ባወጀች በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንድ ቦምብ እንኳ ከተማዋ ላይ ሳይወድቅ፣ የለንደን ሰዎች ጤነኛ ውሾቻቸውንና ድመቶቻቸውን ይዘው እንዲገደሉላቸው ተሰለፉ። በአራት ቀን ብቻ 400 ሺህ ያህል እንደተገደሉ ይገመታል። ያስገደደ ሕግ አልነበረም። ምግብ ያልቃል፣ ቤት ይፈርሳል የሚል ሥጋትና «ማሸሽ ካልቻላችሁ ብታስገድሏቸው ይሻላል» የሚል የመንግሥት ምክር ነበር። ባተርሲ ግን በሯን አልዘጋችም፤ በጥቂት ሠራተኞች በጦርነቱ ዘመን 145 ሺህ ያህል ውሾችን ተቀብላለች። ከተሰለፉት ብዙዎቹ በኋላ ተጸጽተዋል ይባላል። የቸኮሉት በጭካኔ ሳይሆን፣ ከእነሱ ሌላ ወሳጅ ይኖራል ብለው ባለማሰባቸው ነው።

በኑዛዜ የተፈረደባት ውሻ

ይኸው አስተሳሰብ በ1979 መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተደገመ። አንዲት ሴት ስትሞት ሲዶ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ውሻዋ እንድትገደል ተናዘዘች። ሴትዮዋ ውሻዋን አልጠላችም፤ ከእኔ በኋላ እንደ እኔ የሚንከባከባት አይገኝም ብላ ፈርታ ነው። በሕግ ዓይን ውሻ ንብረት ነው፤ ንብረት ደግሞ በኑዛዜ ይታዘዛል። ሲዶን የተረከበው የከተማይቱ የእንስሳት ማኅበር ኃላፊ ሪቻርድ አቫንዚኖ ግን አላስረክብም አለ። ኑዛዜ አስፈጻሚው ፍርድ ቤት አቆመው። ወሬው ሲሰማ «እኔ ልውሰዳት» የሚሉ ሰዎች ከየአቅጣጫው ተነሱ። በ1980 አጋማሽ ፍርድ ቤቱ ትኑር ብሎ ወሰነ፤ የካሊፎርኒያ ገዢም እሷን የሚያድን ሕግ ፈረሙ። ሲዶ የቀረ ዕድሜዋን በአቫንዚኖ ቤት ኖረች።

የሲዶ ነገር አንዲት ውሻን ብቻ አድኖ አልቀረም። አቫንዚኖ ለእሷ የጠየቅነውን ለሌሎቹ የማንጠይቀው ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ ያዘው። በ1994 ማኅበሩ ከከተማይቱ መሥሪያ ቤት ጋር ስምምነት ተፈራረመ። ጤነኛና ጠባየ መልካም የሆነ ውሻ ወይም ድመት ከተማዋ ወሳጅ ካጣችለት ማኅበሩ ይረከባል፤ ቤት እስኪያገኝም ያቆየዋል። የቀን ገደብ የለም። ከሦስት ቀን ተነስቶ እዚህ ለመድረስ 127 ዓመት ፈጀ። በ1970ዎቹ በአሜሪካ መጠለያዎች በየዓመቱ ከ12 እስከ 20 ሚሊዮን እንስሳት ይገደሉ እንደነበር ይገመታል፤ ዛሬ ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን በታች ወርዷል። ለውጡን ያመጣው አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ ማምከን መስፋፋቱና ውሻን ከመጠለያ መውሰድ መለመዱ ዋነኞቹ ናቸው።

ጊዜ ለምን ይህን ያህል ዋጋ አለው? በብረት ፍርግርግ ውስጥ የተዘጋ ውሻ ራሱን አይደለም። እጅግ ለማዳው ሳይቀር ይጮኻል፣ ይዘላል፣ ወይም ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል። ሊመርጥ የመጣ ሰው አይቶት ያልፋል። ያንኑ ውሻ አንድ በጎ ፈቃደኛ አውጥቶ ሲያንሸራሽረው፣ ወይም ጥቂት ሳምንት ቤቱ ሲያሳድረው፣ ሌላ ውሻ ይሆናል። ልጅ ይወዳል ወይስ ይፈራል፣ ከድመት ጋር ይስማማል ወይ፣ ለሽማግሌ ይሆናል ወይስ ለሯጭ የሚለው የሚታወቀው ያኔ ነው። ወሳጁም ይጠየቃል፤ ቤትህ ግቢ አለው? ቀን ማን ይውላል? ለጋብቻ ሽምግልና እንደመላክ ያለ ነገር ነው፤ የቸኮለው ይመለሳል።

ወደ ቡቺ

እንግዲህ ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የእኛ ፍርሃት እውነተኛ ነው። በዓለም ዙሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ የተያዙት በውሻ ንክሻ ነው፤ በኢትዮጵያም ዛሬ ድረስ ሰው ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ግን ከውሾቹ 70 በመቶ የሚሆኑት ቢከተቡ የበሽታው መተላለፊያ ይቋረጣል ነው። መግደል ብቻውን አያቆመውም። መርዙ አስቀድሞ የሚያገኘው ሰው የለመደውን፣ የሰጡትን ሁሉ የሚበላውን ውሻ ነው፤ ማለትም ሰፈሩ የሚያውቀውንና ለመርፌ በቀላሉ ሊያዝ የሚችለውን ቡቺ። በእሱ ቦታ ከሌላ ሰፈር ያልተከተበና የማይታወቅ ይመጣል።

ታላቅ መጠለያ መሥራት ገንዘብና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ይህ የማይካድ ነው። የሜሪ ቲልቢ ሥራ ግን የተጀመረው በአንድ የኪራይ ጋጣ ነው። ቡቺን አንድ ቤት «የእኔ ነው» ቢለው፣ ቢያስከትበውና ማሰሪያ አንገቱ ላይ ቢያደርግለት፣ የሚቀጥለው ማለዳ ሌላ ይሆን ነበር። ለመውሰድ ያሰበ ሰው አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ የሚቀድመን ማለዳው ነው።