የመንዝ መሳፍንት ስምና የግእዝ ዘርፍ

የሮማይስጥን ቋንቋ የተማረ ሰው «የንጉሥ ቤት» ለማለት ሲሻ የሚለውጠው ንጉሡን ነው፤ ቤቱን እንዳለ ይተወዋል። ስምን በሰባት መልክ የሚያረባው የፖላንድ ሕዝብም እንዲሁ ያደርጋል፤ ንጉሥን «ክሩል» ሲል የንጉሥን ቤት «ዶም ክሩላ» ይላል። የግእዝ መንገድ ግን ሌላ ነው። ንጉሡ ሳይነካ ቤቱ ይለወጣል፤ ሳድሱ «ት» ወደ ግእዝ ተመልሶ «ቤተ ንጉሥ» ይሆናል። ከዘርእ ዘርአ ያዕቆብ፥ ከደብርም እርሱ የቈረቈራት ደብረ ብርሃን የተገኙት በዚህ ሕግ ነው።

ነገር ግን ያው ፊደል ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ተሳቢም በግእዝ ፊደል ይጨርሳልና። «ሐነጸ ቤተ ንጉሥ» ቢባል፥ ንጉሥ ቤት ሠራ ማለትም ይሆናል፤ ሌላ ሰው የንጉሥን ቤት ሠራ ማለትም ይሆናል። የቅኔ መምህር ተማሪውን «ንጉሥ ባለቤት ነው ወይስ ዘርፍ?» እያለ የሚያስጨንቀው እዚህ ላይ ነው። በተጸውዖ ስም ግን «ሃ» ትደርሳለች፤ «ቀተለ ዳዊት ጎልያድሃ» በተባለ ጊዜ ገዳዩና ሟቹ አይሳቱም።

የሸዋን መሳፍንት ስም በተራ ለሚመለከት ይህ ትምህርት ታሪክ ይሆንለታል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከመንዝ የተነሣው ነጋሢ ክርስቶስ ዘርፍ የያዘ ስም አይመስልም፤ ዘርፍ ቢይዝ ሣልሱ ኃምስ ሆኖ፥ ጸሐፊ «ጸሐፌ ትእዛዝ» እንደሚሆን፥ «ነጋሤ ክርስቶስ» በተባለ ነበር። ስለዚህ «ክርስቶስ ነጋሢ ነው» ተብሎ ቢተረጐም ይሻላል። አምኃ ኢየሱስ ዘርፍ ይዟል፤ ነገር ግን «ኃ» ራብዕ ስለ ሆነ መለወጡ አይታይም። ከዚህ በኋላ አማርኛው ገባ። አስፋ ወሰን ትእዛዝ ነው፤ ወሰን ተሳቢ ሳለ «ን»ን አልያዘም፤ አማርኛ «ን»ን የሚያስገድደው ነገሩ የታወቀ ሲሆን ነውና። በወሰን ሰገድም ግሡ እንደ አማርኛ ልማድ መጨረሻ ቆመ።

በ1840 ዓ.ም. ያረፉት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴና በ1848 ዓ.ም. የሞቱት ልጃቸው ኃይለ መለኮት ግን ወደ ቀድሞው ሕግ ተመለሱ፤ ሣህል ሣህለ፥ ኃይልም ኃይለ ሆኑ። የዳግማዊ ምኒልክም የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበረ።