የሕዝብ ተወካይና ኅሊናው

በኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካይ ለመርሑ መቆሙ የሕግ መሠረት አለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባላትን ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ተገዥ ያደርጋል፤ በምክር ቤቱ በሰጡት ድምፅ ወይም አስተያየትም አይከሰሱም። ሆኖም ድምፅ በተለምዶ የሚሰጠው እጅ በማውጣት በመሆኑ ከፓርቲው የተለየ አባል ወዲያው ይታያል።

ከባዱ ፈተና የመጣው ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ነው። የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት በርካታ መሪዎች ድምፃችን ተሰርቋል ብለው ምክር ቤቱ አንገባም ሲሉ፣ የምዕራብ ሸዋው ተወላጅ ዶክተር መረራ ጉዲና ከሌላው የተቃዋሚዎች ጥምረት፣ ከኅብረት፣ ጓዶቻቸው ጋር ገቡ። ውሳኔው ኅብረትን ከፈለ። መግባትም መቅረትም በመርሕ የሚሞገትለት ነበር፤ መረራ ግን ወንበሩን ለዝምታ አልተጠቀሙበትም፣ መንግሥትን ፊት ለፊት ተቹ። እንዲህ ያለው የተቃውሞ ድምፅ ግን በ2002ቱ ምርጫ ተመናመነ፤ ከ547ቱ መቀመጫ የተቃዋሚዎች ጥምረት የሆነው መድረክ ያገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአዲስ አበባው ግርማ ሰይፉ።