ዜና ባይራ ዘጋሞ

ከአርባ ምንጭ በላይ፣ አባያና ጫሞ ሐይቆች የእግዜር ድልድይ የተባለውን የብስ መካከል አድርገው ከተኙበት ቆላ ሽቅብ፣ የጋሞ ደጋ አለ። ሰውም እንሰት ይተክላል፣ ሸማ ይሠራል፤ ነገር ቢነሣ በዱቡሻ፣ በአደባባይ ሸንጎው፣ ተቀምጦ ይመክራል። ሽማግሌው እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ቍጣ ይበርዳል። ይህንም በመስከረም 2011 ዓ.ም. አገር ሁሉ አየ፤ ለበቀል የወጣው ወጣት በአርባ ምንጭ ጎዳና ላይ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመና ተመለሰ።

በቀድሞ ዘመን ጦርነት በመጣ ጊዜ የጋሞ ሰዎች በዋሻ ይሸሸጉ ነበር፤ ወሬውም ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖረ። ካትሪን አርተርና ጆን አርተር የሚባሉ ባልና ሚስት የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ከማቲው ከርቲስ ጋር ወደ ጋሞ በመጡ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ይህንኑ ነገሯቸው፣ ዋሻዎቹንም አሳዩአቸው። እኔም የግኝቱን ክብር ስጽፍ ሽማግሌዎቹን አስቀድማለሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ሞታ በሚባለው ዋሻ ሲቆፍሩ የድንጋይ ክምር አገኙ። ከሥሩም ሰው ተገኘ፤ ድንጋይ ተንተርሶ፣ እጆቹን ከፊቱ በታች አጥፎ የተኛ ወንድ። እንዲህ አድርጎ ያስተኛው ወገን ይወደው እንደ ነበር እገምታለሁ። ዘመኑም ቢመረመር ወደ 4,500 ዓመት ሆነ። ስሙንም በጋሞኛ ባይራ፣ በኵር፣ አሉት።

ከዚህም በኋላ የውስጥ ጆሮን ከሚከበው ጠጣር አጥንት ዲኤንኤ ወሰዱ። በሞቃት አገር ዲኤንኤ ቶሎ ይጠፋል፤ የባይራን ግን የደጋው ብርድ ጠብቆት ቆየ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ውጤቱ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ፤ ከአፍሪካ የጥንት ሰዎች ጂኖሙ ተሟልቶ የተነበበ የመጀመሪያው እርሱ ሆነ። ዓይኑ ቡናማ ነበር፤ ለከፍታ አገር የሚያስማማ ጠባይም በዘሩ ታየ።

በመጀመሪያው ጽሑፍ፣ ባይራን ከዛሬ ሰዎች ጋር አነጻጽረው፣ ከምዕራብ እስያ ወደ አፍሪካ የተመለሰ ሕዝብ ዘር በመላው አፍሪካ ተዳርሷል ተብሎ ነበር። በስሌቱ ስሕተት ስለ ተገኘ ሊቃውንቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሳቸው አረሙት፤ ነገሩ በይበልጥ የምሥራቅ አፍሪካ ሆኖ ቀረ። ይህንም መጻፌ፣ ከግኝቱ ወሬ ጋር እርማቱም መሰማት ስላለበት ነው።

ዛሬ በሕይወት ካሉት ሕዝቦች ለባይራ በዘር እጅግ የቀረቡት በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት አሪዎች ሆነው ተገኙ። በአሪም ዘንድ ቀጥቃጩ ከገበሬው ተለይቶ፣ ተንቆ፣ ጋብቻ ተከልክሎ ሲኖር፣ ከሌላ አገር የመጣ ዘር ነው የሚሉ ነበሩ። በዚያው ወራት የወጣ ሌላ ጥናት የሁለቱንም ዲኤንኤ መርምሮ፣ ቀጥቃጩና ገበሬው ከአንድ የዘር ግንድ መሆናቸውን፣ የዲኤንኤያቸውም ልዩነት የመጣው ቀጥቃጮቹ ተገልለው እርስ በርስ ብቻ በመጋባታቸው መሆኑን አስታወቀ።