የፈረሰኝነት ደረጃ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ራይዲንግ ሌቭል ሰርቲፊኬሽን» የሚሉት አሠራር የፈረስ ትምህርትን በተከታታይ እርከኖች ይከፍላል። በየእርከኑ ተማሪው ምን ማወቅና ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰናል፤ ያንን በመዛኝ ፊት ያሳየ ሰው ምስክር ወረቀት ይቀበላል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1929 የተመሠረተው ፖኒ ክለብ ልጆችን ከታችኛዎቹ ፊደላት ጀምሮ እስከ «ኤ» ድረስ ይፈትናል። ፈረንሳዮችም «ጋሎፕ» የሚሏቸው ሰባት ደረጃዎች አሏቸው። ይህን በአማርኛ «የፈረስ ግልቢያ ሰርተፍኬት» ወይም «የግልቢያ ብቃት ማረጋገጫ» ማለት ይቀላል፣ ሰሚም ይገባዋል። እኔ ግን «የፈረሰኝነት ደረጃ» እንዲባል እመርጣለሁ። ምርጫው የጆሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ምን እንደሚመዘን የሚወስነው ስሙ ነው፣ ይህም እንደ ባሌ ደጋ ባለ የፈረስ አገር ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

የፈረስ አካሄድ በአማርኛ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ ያድጋል፤ ግልቢያ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ «የግልቢያ ብቃት» ሲባል አድማጩ ፍጥነትን ያስባል። በፖኒ ክለብም ሆነ በጋሎፕ የሚፈተነው ግን ከዚያ በእጅጉ ይሰፋል፦ ፈረስን ሳያስደነግጡ መቅረብ፣ ማበጠር፣ ሰኮናውን አንሥቶ መጥረግ፣ ኮርቻና ልጓም በልክ ማሰር፣ መመገብ፣ ማነከሱን ወይም መታመሙን መለየት። አንድም ቀን ያልጋለበ ጀማሪ የመጀመሪያውን ደረጃ ሊያገኝ ይችላል። በአንጻሩ እንደ ነፋስ እየጋለበ የፈረሱን ጀርባ በኮርቻ የሚያቆስል ሰው ሊወድቅ ይገባዋል። (ፈረንሳዮች ደረጃውን በግልቢያ ስም መጥራታቸው ከዚህ ጋር አይሄድም፤ ስሙን ትተን ሥራውን እንውሰድ።) «ፈረሰኝነት» የጦር ሜዳ ሽታ አለው የሚል ይኖራል፤ እውነትም ቃሉ ፈረሰኛ ጦርን ያስታውሳል። ነገር ግን ዛሬ «ፈረሰኞቹ» ሲባል የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ ቀድሞ ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው። ቃሉ ከጦር ሜዳ ከወጣ ቆይቷል።

ወደ ባሌ እንምጣ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ከለዩዋቸው ስምንት የፈረስ ዓይነቶች አንዱ የባሌ ፈረስ ነው። በሮቤና በጎባ ፈረስ ጋሪ ይጎትታል፣ በገጠሩ ሰውና ዕቃ ይጭናል፣ ከዲንሾ ተነሥቶም ጎብኚዎችን ይዞ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገባል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ ይበልጥ ገንኗል። የሳነቴ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ መሬቱንም በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ቦርቡሮታል። እንዲህ ባለ ስፍራ ፈረስ የሚያከራየው ሰው «መጋለብ እችላለሁ» የሚለው እንግዳ ምን ማለቱ እንደሆነ አያውቅም። እንግዳውም የመሪውን ችሎታ የሚመዝንበት የለውም። ደረጃ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ለማይተዋወቁ ሰዎች የጋራ መለኪያ ይሆናል።

«የባሌ ልጅ ፈረስን ከአባቱ ይማራል፤ ወረቀት ምን ያደርግለታል?» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። በኢትዮጵያ ፈረሰኝነት ያለ ወረቀት ኖሯል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። እዚያ የፈረሰኛው ምስክር የሕዝብ ዓይን ነው። ይህ ምስክርነት የሚሠራው ግን ተመልካቹ ፈረስ የሚያውቅ፣ ፈረሰኛውም የሚታወቅ ሲሆን ነው፤ ከሌላ አገር ለሁለት ቀን የመጣ መንገደኛ ያን ዓይን ይዞ አይመጣም። ደግሞም ደረጃ ማለት የግድ ክፍል ገብቶ እንደ አዲስ መማር ማለት አይደለም። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ሰው በተለምዶ ሲኦሲ የሚለው የብቃት ምዘና ሙያውን በልምድ ለተማረም ክፍት ነው። የሚጠየቀው ማድረግ መቻሉ እንጂ የት መማሩ አይደለም። ከልጅነቱ ፈረስ ላይ ያደገ የዲንሾ መሪ በዚሁ መንገድ በቀጥታ ወደ ከፍተኛው ደረጃ ምዘና ሊቀርብ ይገባዋል።

ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የውጭ መለኪያ የአገሩን ዕውቀት ስሕተት ያደርገዋል የሚለው። በአውሮፓ ትምህርት ቤት ጫማ ያደረገ እግር እርካብ ውስጥ ይገባል፣ ተረከዝ ወደ ታች ይወርዳል። በእኛ አገር ነባር አቀማመጥ ባዶ እግር በአውራ ጣቱ እርካቡን ይይዛል። መዛኙ የአውሮፓውን ሥዕል ይዞ ከቆመ አንደኛ ፈረሰኛ የሆነው ሰው ዜሮ ያገኛል። መፍትሔው መለኪያውን በቅርጽ ሳይሆን በውጤት መጻፍ ይመስለኛል። ፈረሱ በቁልቁለት ሚዛኑን ሳይስት ወረደ ወይ? ኮርቻው ሲነሣ ጀርባው ደህና ነው? መሪው ፍልፈል በቦረቦረው መሬት ላይ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ መች መመለስ እንዳለበት ያውቃል? የደከመ ፈረስ፣ የከፍታ ሕመም የያዘው እንግዳ ወይም ጉም ሲያጋጥመው ጉዞውን አቋርጦ ይመለሳል? ከእነዚህ አንዳንዶቹን የአውሮፓ ሜዳ አያስተምርም፤ የባሌ ደረጃ ግን ያለ እነርሱ ባዶ ነው። ምዘናውም በተግባርና በቃል፣ በአፋን ኦሮሞ መሆን አለበት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፈተና የሚለካው እንግሊዝኛን ነው።

ገንዘቡ ያሳስባል፤ ቢሆንም ምዘናው ፈረሱ ባለበት ከተደረገ ወጪው ይቀንሳል። የሚያስቸግረው የመጀመሪያዎቹ መዛኞች እነማን ይሁኑ የሚለው ነው፤ ደረጃው ገና ስለሌለ ደረጃ ያለው መዛኝም አይኖርም። ፈረስ አከራዮቹና አስጎብኚዎቹ ራሳቸው የሚያከብሯቸውን ጥቂት አዋቂዎች መርጠው፣ የእንስሳት ሐኪም ጨምረው፣ መለኪያውን አብረው ቢጽፉ ይሻላል። ያ ቡድን መጀመሪያ ሊስማማበት የሚገባው ዝቅተኛው እርከን ነው፦ አንድ ሰው ማንም ሳይመራለት ፈረስ ላይ ከመውጣቱ በፊት መሬት ላይ ቆሞ ምን ማድረግ መቻል አለበት?